ሰባተኛዋ መስመር

እንግዳው የሚባለውን ሰው የማያውቅ ሐበሻ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አልነበረም። ከሐጂ ያዕቁብ ሱቅ ደጃፍ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣ አንድ እግሯ በሽቦ በታሰረች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ይውላል። ሌላ ሥራ የለውም። የሆስፒታል ወረቀት፣ የስደተኛ መታወቂያ፣ ከፖሊስ የመጣ ጥሪ፣ የእርሻ ውል፣ ምኑ ቅጡ! በዐረብኛ የተጻፈ ነገር እጁ የገባ የጎንደር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያች ኒም ነው። የሚያስከፍለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። የሌለውን "ነገ ታጠጣኛለህ" ይለዋል፤ ነገ ባያጠጣውም አይቀየምም።

ሰውዬው የጭልጋ ልጅ ነው። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ ለድቁና ሲዘጋጅ አባቱ ሞቱበትና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ወረደ። በመጀመሪያው ዓመት ከሎሪ ወድቆ ቀኝ ጉልበቱ ደረቀ። ማጎንበስ የማይችል አጫጅ ማን ይፈልገዋል? የጎንደሩ ነጋዴ ሐጂ ያዕቁብ አዝነውለት ሱቃቸው ውስጥ አስጠጉት፤ ዐረብኛውንም ከነጽሕፈቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በስኳር ጆንያና በሻይ ሣጥን ላይ የተጻፈውን እየቆጠረ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ወረቀት ሳይደናቀፍ የሚያነብ ሰው ሆነ።

ታዲያ አጫጆቹ የሚያምኑት ዐረብኛውን አልነበረም። ዐረብኛ የሚያውቅማ ሞልቷል። የሚያምኑት ግራ እጁን ነው። እንግዳው ሲያነብ ቀኝ ጣቱን ከመስመሩ ሥር ያስኬዳል፤ በግራ እጁ ደግሞ አንገቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ማዕተብ ጨብጦ ይይዛል። ከቤተ ክህነት ያመጣው ልማድ ይሁን ከራሱ ያወጣው አይታወቅም። ብቻ የቆላ ሰው ሁሉ ለመደው። ወረቀቱ ላይ ያለው ለነሱ የጉንዳን መንገድ ነው፤ ስለዚህ ጣቱን ትተው እጁን ያያሉ። እጁ ከማዕተቧ ላይ ካለ የሰሙት ሁሉ እውነት ነው፤ አለቀ። የተነበበላቸውን ወረቀት ሌላ ሰው ጋ ወስዶ ማስነበብ እንግዳውን ክርስትናህን ካድክ ከማለት አይተናነስም ነበር፤ ማንም አያደርገውም።

ሚስቱ በላይነሽ ትባላለች። ዓይኗን ሞራ ይጋርዳት የጀመረው በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው። መጀመሪያ ምስሩን ከጠጠር መለየት አቃታት፤ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋባት፤ በሰባ ሰባት ክረምት ላይ የባሏን ፊት በእጇ እየዳሰሰች ነበር የምታውቀው። ለሰው ግን "ደህና ነኝ፣ ብርሃን አያለሁ" ትላለች። የት አየች! አንድ ቀን እንግዳው ከገበያ ሲመለስ የውሃውን በርሜል አቅፋ እንደቆመች አገኛት። የቤቷ በር በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቷት፣ ጎረቤት መጥራቱም አሳፍሯት፣ ከቀትር ጀምራ እዚያው ፀሐይ ላይ ቆማለች። ያን ዕለት እንግዳው ተደብቋት አለቀሰ። ተደብቋት ሲባል ከፊቷ ቆሞ ነው፤ ድምፁን ዋጥ አደረገ እንጂ ሌላ መደበቅ አላስፈለገውም።

ሐኪሙ ያለው ካርቱም ነው። ስደተኛ ደግሞ ከገዳሪፍ ወጥቶ ካርቱም ለመግባት ተስሪህ የሚሉት የመንገድ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የሌለውን ኬላው ላይ ካውቶቡስ አውርደው ይመልሱታል። በላይነሽን ሁለት ጊዜ መለሷት። ለሦስተኛ ጊዜ ማመልከቻ ያስገቡ ዕለት የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

በሰባ ስምንት መስከረም ማለቂያ ላይ ወኪሉ በድሩ ወደ ኒሟ መጣ። በድሩ ለእርሻ ባለቤቶች ሠራተኛ የሚያዋውል፣ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ሐበሻ ነው። አማርኛውን በዐረብኛ ያሽሞነሙነዋል፤ ሲከፋውም ሲደሰትም ይስቃል።

"ያ እንግዳው፣ ነገ አስራ ስድስት ልጆች ይዤልህ እመጣለሁ። የውሏን ወረቀት ታነብላቸዋለህ፣ ኸላስ፣ አለቀ" አለው።

"አነባለሁ፤ ሥራዬ አይደል።"

"ሰባተኛዋን መስመር ግን ተዋት።"

እንግዳው ውሉን ተቀብሎ ሰባተኛዋን መስመር አነበባት። የእርሻው ባለቤት ሠራተኞቹን ወደ ፈለገው እርሻ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለውም ቢሆን፣ መውሰድ ይችላል፤ እነሱም አጨዳው ሳያልቅ ከዚያ መውጣት አይችሉም ትላለች። ፊቱ ደም መሰለ።

መምሰሉም አይገርምም። ያን ሰሞን ከአርማጭሆና ከመተማ በኩል የሚሻገሩት ወጣቶች የብሔራዊ ውትድርና ሽሽቶች ነበሩ። ግማሹ ሲመለመል አምልጧል፤ ግማሹ ማሠልጠኛ ገብቶ ኮብልሏል። ከአትባራ ወንዝ ማዶ ያሉት እርሻዎች ደግሞ ድንበሩ ላይ ናቸው። ከወዲያ በኩል ታጣቂ እየተሻገረ ኮብላይ ለቅሞ እንደሚሄድ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለዚህ የነዚህ ልጆች ቃል አንድ ነው፦ ከወንዙ ወዲህ እስካለችው ቁረይሻ እንሄዳለን፣ ወንዙን አንሻገርም።

"አላደርገውም!" አለ እንግዳው።

"ምን አድርግ አልኩህ? ዋሽ አልኩህ? ያለውን አንብብ፤ አንዲቷን እለፋት። ሰውዬው ወንዙ ወዲህም እርሻ አለው፤ እነሱን እዚያ መውሰዱን በምን ታውቃለህ?" በድሩ እየሳቀ ከጀላቢያው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ይችንም አንብባት እስቲ።"

ተስሪህ ነው። ማኅተሙ ገና አልደረቀም። በላይነሽ የሚል ስም ተጽፎበታል፤ ካርቱም፣ ለዓይን ሕክምና።

እዚህ ላይ ሰውዬውን ሞኝ ነው ለማለት ባስቻለ። ሞኝ አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ ያወጣው ሐሳብ ግን የሞኝ ነበር፦ "ምናልባት አይወስዷቸውም።" ይችን ምናልባት እንደ ስንቅ ቋጥሮ በማግሥቱ ከኒሟ ሥር ተቀመጠ።

ልጆቹ መጡ። አለቃቸው ታምሬ የሚባል፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልሞላው የአርማጭሆ ልጅ ነው። ሲናገር ሰው ዓይን ላይ ትክ ይላል። አስራ ስድስቱም አፈሩ ላይ ተቀመጡና እንደ ልማዳቸው የእንግዳውን ግራ እጅ ማየት ጀመሩ። እጁ ማዕተቧን ይዟል። አነበበ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው። ጣቱ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ አልቆመም፤ ወደ ስምንተኛው ወረደ። ማዕተቧ ከመዳፉ ውስጥ በላብ ራሰች።

"አያ እንግዳው፣ ቦታው የት ነው ይላል?" ሲል ታምሬ ጠየቀው።

"ቁረይሻ።"

እውነት ነው፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ቁረይሻ የሚል አለ።

"ያነበብክልን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ?"

"ያነበብኩላችሁ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ።"

ሐጂ ያዕቁብ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሆነው የእንግዳው ድምፅ እንደወትሮው አልሆን አላቸው መሰለኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ ወጡ። "እስቲ ልጆች፣ እኔም አንድ ጊዜ ልያት" አሉ።

ከልጆቹ አንዱ ጋረደው የሚባለው ብድግ አለና በትሕትና እጁን ዘረጋ። "ኧረ ይተዉት ሐጂ፣ አይልፉ! አያ እንግዳው ማዕተቡን ይዞ ያነበበውን ደግመን ብናስነብብ ነውር አይሆንብንም?" ሽማግሌው እንግዳውን አዩት። እንግዳው ወረቀቱን ያያል። እሳቸውም "እንደፈቀዳችሁ" ብለው ገቡ።

ተራ በተራ አውራ ጣታቸውን ሰማያዊው ቀለም ላይ እየጫኑ ፈረሙ። የተረፈውን ቀለም እየሳቁ፣ እየተላፉ፣ የኒሟ ግንድ ላይ ጠረጉት። አስራ ስድስት ሰማያዊ ጣት ግንዱ ላይ ቀረ።

በላይነሽ ከጎረቤት ሴት ጋር ካርቱም ሄዳ በሃያ ቀኗ ተመለሰች። ቀኝ ዓይኗ በርቶላታል። ወይ የዚያን ዕለት ደስታዋ! ድመት ስታይ እልል፣ ድስት ስታይ እልል። ባሏን ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ "ሸብተሃል እኮ አንተ!" ብላ ሳቀች፣ አለቀሰችም። ግራ ዓይኗ ቀርቷታል፤ ጥቅምት ሃያ ስምንት ሐሙስ ተመልሳ እንድትሄድ ሐኪሙ ቀጥሯታል። ሁለተኛውን ተስሪህ በድሩ ረቡዕ ሊያመጣ ቃል ገብቷል። ፈቃዱ እንዴት ተገኘ ስትለው እንግዳው "ሐጂ አማልደውኝ" አላት። አንዴ የለመደ አፍ ምን ይሳነዋል!

በማግሥቱ ምሳውን ይዛለት መጣችና ኒሟን ትክ ብላ አየቻት። "ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?"

"ልጆች ናቸው ያቆሸሹት" አላት።

ሰኞ ዕለት፣ ለሐኪሙ ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ታምሬ መጣ። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሳይቀመጥ ወረቀቱን አወጣ። የውሉ የሠራተኞቹ ግልባጭ ነው፤ ውሃ ነክቶት ደርቋል።

"አንብብልኝ" አለ።

እንግዳው እጁን አልዘረጋም።

"ግድ የለም፣ አታንብብ። ኡም ጋርጉር መጠለያ ያለ አንድ መምህር አንብቦልኛል። ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ 'ይህን ነግረዋችሁ ነበር?' አለኝ።" ታምሬ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "በሁለተኛው ሳምንት ወንዙን አሻገሩን። እንቢ ስንል ጣታችሁን አሳርፋችኋል አሉን፤ የወጣውን ፖሊስ ይመልሰዋል አሉን። ባለፈው ዓርብ ታጣቂዎች መጡ። ጋረደውንና ደመቀን ከውሃው ዳር ወሰዷቸው። እኔ በሌሊት ዋኝቼ ወጣሁ። አስራ ሦስቱ እዚያው ናቸው። ሰው አምጥቼ ላወጣቸው ምዬላቸዋለሁ።"

"ታምሬ፣ ወንድሜ..."

"ወንድሜ አትበለኝ! ስማኝ። መምህሩ የነገረኝ ይህን ነው። ጣቱ የኛ ነው፣ አንባቢውም የኛው ሰው ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ 'እኔ ምን አገባኝ' ይላል። ግን አንባቢው ራሱ ዳኛ ፊት ቆሞ 'ይችን መስመር እንድደብቅ ወኪሉ ነው ያዘዘኝ' ካለ ውሉ በማታለል የተገኘ ነው፤ ዳኛው ያፈርሰዋል። ፖሊስም ሄዶ ያወጣቸዋል። ተነስ እንሂድ።"

እንግዳው እንደሚሄድ ያውቃል፤ ይህን ፊት አይቶ መቅረት እንደማይችልም ያውቃል። ግን ዛሬ ሰኞ ነው። ዛሬ ዳኛ ፊት የበድሩን ስም ቢጠራ ረቡዕ ተስሪህ የለም፤ በላይነሽም በአንድ ዓይኗ ትቀራለች። ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ምናላት? እንዲህ አሰበ። እግዜር ይቅር ይበለው፣ ይህንኑ ነው ያሰበው።

"መሐከማው፣ ፍርድ ቤቱ፣ እስከ ሐሙስ ዝግ ነው። ዳኛው ለሥራ ወደ ገጠር ወጥቷል" አለው። "ሐሙስ ጠዋት አብሬህ እገባለሁ። በማርያም!"

ታምሬ ዓይኑ ላይ ትክ አለ። አገሩን አያውቀው፤ ዐረብኛ አይችል። የሚጠይቃቸው ሐጂ ያዕቁብም ያን ሰሞን ለዕቃ ፖርት ሱዳን ወርደው ነበር። "ሐሙስ" አለ በመጨረሻ፣ ከሱቁ በረንዳ ላይም ተኛ። በላይነሽ የሚበላ ይዛለት ስትመጣ የቆሰለ እግሩን አይታ ደነገጠችና ውሃ አሙቃ አጠበችለት። ማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም። እሱም ስለ ዓይኗ ጠይቋት "እንኳን በራልሽ እታለም" አላት።

ረቡዕ በድሩ ተስሪሁን አመጣ። ሐሙስ ማለዳ እንግዳው ሚስቱን አውቶቡስ አሳፈረ። በመስኮቱ ብቅ ብላ እጇን አውለበለበችለት፤ ከዚያ ርቀት ታየው ነበር። አውቶቡሱ ኬላውን ሲያልፍ ጠብቆ፣ እያነከሰ ወደ መሐከማው ሄደ። እውነቱን ለመናገር ያን ጠዋት ልቡ ቀሎት ነበር፤ ሁሉንም የሚያድን መስሎታል።

ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ነገር የማያንዛዙ ሰው ናቸው። ውሉን አነበቡ፤ ሰባተኛዋን መስመር ደገሟት። እንግዳውም ምንም ሳያስቀር ተናገረ፤ ወኪሉ ምን እንዳለው፣ ምን እንደሰጠው፣ ጣቱ እንዴት እንደዘለለ።

"አልዋሸሁም ነበር፣ ዝም ነው ያልኩት" ብሎ ጨመረ፤ ምን ሊሆነው እንደጨመረው እንጃ።

"የሚታመን ሰው እንዲናገር እየተጠበቀ ዝም ካለ ዋሽቷል" አሉ ዳኛው። ከዚያ ወደ ታምሬ ዞሩና በእንግዳው አፍ አስጠየቁት። "ይችን መስመር ብትሰማት ኖሮ ትፈርም ነበር?"

"ወንዝ ማዶ ቢሉን ጣታችንን ከምንሰጥ አንገታችንን በሰጠን።"

ዳኛው ብዕራቸውን አነሱ። መጻፍ ከመጀመራቸው በፊት ቆም ብለው ታምሬን ጠየቁት። "ገዳሪፍ የገባህ መቼ ነው?"

"ሰኞ።"

"ታዲያ ሰው ተይዞ እያለ ሰኞ ለምን አልመጣህም? እኔ ሰኞም ማክሰኞም እዚሁ ነበርኩ።"

ይህን ወደ አማርኛ የሚመልሰው እንግዳው ነው፤ ሌላ አስተርጓሚ የለም። እንግዳው ቃል በቃል መለሰው፤ አንዲት አልዘለለም። ታምሬ ሰማ። ወደ እንግዳው እንኳ አልዞረም።

ዳኛው ፍርዱን በሁለት ግልባጭ ጽፈው አንዱን ለፖሊሱ፣ አንዱን ለታምሬ ሰጡ። እንግዳውንም "አንተ ለራስህ ጥፋት ቅዳሜ ትቀርባለህ" አሉት። እንግዳውና ታምሬ ከሁለት ፖሊሶች ጋር በመኪና ወጡ። ቁረይሻን አልፈው፣ ወንዙን በጀልባ ተሻግረው እርሻው ሲደርሱ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው።

ማሳው ፀጥ ብሏል። የታጨደው ሰሊጥ በየሂላው፣ በየነዶ ክምሩ፣ ተደግፎ ቆሟል፤ ደርቆ አፉን እየከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚያራግፈው የለም። ከዳሷ ሥር አስራ ሦስት ምንጣፍ ተዘርግቷል። ድስቱ ውስጥ ያለው ገንፎ አንዴ ብቻ ተቆርሷል፤ የተቀረው ደርቆ ዝንብ ወርሶታል። አንድ ውሃ የሚያመላልስ ሱዳናዊ ሽማግሌ ከአህያው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።

"ትናንት" አለ። "ምሳ ሲቀርቡ ከበቧቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ እያሰሩ፣ ሁሉንም። አንዱ ልጅ 'ታምሬ ሰው ይዞ ይመጣል' እያለ ሲጮህ ነበር።"

እንግዳው ይህንንም ተረጎመ። ማን ይተርጉምለት?

ፖሊሶቹ ጥላ ፈልገው ሄዱ። ታምሬ ከምንጣፎቹ መሀል አንዷን ጎንበስ ብሎ አጠፋት፣ መልሶ ዘረጋት። ከዚያ ከደረቱ ኪስ ፍርዱን አወጣና ለእንግዳው ዘረጋለት።

"አንብብልኝ።"

እንግዳው ወረቀቱን ተቀበለ። ግራ እጁ እንደ ልማዷ ወደ አንገቱ ሄደች።

"እጅህን አውርድ" አለው ታምሬ።

አወረደ። እጁ የሚሆነው አጥቶ ጎኑ ላይ ተንጠለጠለ። ማንበብ ጀመረ።

"አንደኛ፣ ውሉ በማታለል የተገኘ በመሆኑ ፈርሷል።"

"እሺ።"

"ሁለተኛ፣ የእርሻው ባለቤት ሠራተኞቹን ዛሬውኑ ይልቀቅ።"

"እሺ።"

"ሦስተኛ..." እንግዳው ቆመ። እንባው ወረቀቱ ላይ ወረደ። "ሦስተኛ፣ ተዋዋዮቹ ሁሉ ውሉን ከመፈራረማቸው በፊት ወደነበሩበት ይመለ..."

"ይችንም ዝለላት" አለው ታምሬ።